የጋሽ ምትኩ ቀይ ሰሌዳ

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ የደወለችልኝ። በምሠራበት ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን በፕላስቲክ እየጠቀለልኩ ነበር። ስልኬ ላይ «እማዬ» የሚለውን ሳይ ጥቅልሉን ጣልኩት፤ እናቴ ስልክ አትነካምና። ስልክ የሚያመጣው መርዶ ብቻ ነው ብላ የምታምን ሰው ናት። አገሯ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ሳለች የባሏንም የወንድሟንም ሞት የሰማችው በስልክ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጆሮዋን ትይዛለች። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ካመጣኋት ጀምሮ ፎቶዬን ስልኩ ላይ አድርጌላት፣ «እማ፣ እኔን መጫን ብቻ ነው» እያልኩ ስለምናት፣ እሷ ስልኩን በፎጣ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ትከተው ነበር።

አነሣሁት። መጀመሪያ ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ።

«ምትኩ ቀረ» አለችኝ።

የቀረውን በኋላ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ጋሽ ምትኩ ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ።

የምንኖረው ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ነው፤ አውሮፕላኑ ጣሪያችንን ታክኮ የሚያልፍ በሚመስልበት በኩል። ሁለት አሮጌ ሕንፃዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሰፊ ፓርኪንግ አለ። እኛ ወዲህ ማዶ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጋሽ ምትኩ ወዲያ ማዶ ሁለተኛ ፎቅ፤ የእኛ የኩሽና መስኮትና የእሳቸው የሳሎን መስኮት ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። የፓርኪንጉ ውኃ መውረጃ በቅጠል ስለሚደፈን ዝናብ ሲጥል መሬቱ ሁሉ ኩሬ ይሆናል። በዚያ ላይ ጉም የወረደ ቀን፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሕንፃ ከውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

እሳቸውን ያወቅኋቸው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ከግሮሰሪ ተመልሼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ፤ ውኃው ውስጥ እንዴት እንደምወርድ ጨንቆኛል። አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጋቸው፣ የሚያንጸባርቅ መስመር ያለው ብርቱካንማ የመርከበኛ ጃኬት ለብሰው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ተጫምተው ኩሬው ዳር ቆመዋል። ጣታቸውን በምላሳቸው አርጥበው ወደ ላይ አንሥተዋል፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እየለኩ። ባሕር የሚባል ነገር በሌለበት ኦሃዮ! ይኼ ሰውዬ ጤና የለውም ብዬ የመኪናዬን በር ቆለፍኩ። እሳቸው ግን በውኃው መሐል እየተራመዱ መጡና መስኮቴን ቆርቆር አድርገው፣ በአማርኛ፣ «ማዶ ነሽ?» አሉኝ። ዕቃዬን ሁሉ ተሸክመው አሻገሩልኝ። እኔንም እጄን ይዘው፣ በየት በየት በኩል ጥልቀት እንደሌለው እያወቁ፣ ካልሲዬ እንኳ ሳይርስ ደረጃዬ ሥር አደረሱኝ። ደረጃው ሥር ስንደርስ ወደ ኋላ ዞር ብለው ባዶውን ውኃ ትንሽ ተመለከቱ። ከዚያ ሄዱ።

ሥራቸው ኤርፖርት አካባቢ መኪና አቁመው የሚበሩ ሰዎችን የምታመላልስ ሻትል መንዳት ነበር። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጃለሁ። የመጨረሻው ተሳፋሪ ሻንጣውን ጎትቶ ከገባ በኋላ በሩን አይዘጉም። አንድ ሰው ደረጃ ወጥቶ፣ ወንበር ፈልጎ እስኪቀመጥ ድረስ ያህል ክፍት ይተዉታል። ከዚያ በመስታወት ወደ ባዶው የኋላ ወንበር አይተው ይዘጋሉ። በረራ የረፈደባቸው ሰዎች ይነጫነጫሉ፤ አለቃቸውም ተናግሯቸዋል። ተርሚናሉ ጋ ሁሉም ወርዶ ሲያልቅም እንደዚያው በሩን ይዘው ይቆማሉ። ማንን ነው የሚጠብቁት ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ከወዲያ ሰው ይኖራል» አሉኝ። ይህቺ አነጋገር ከአፋቸው አትጠፋም ነበር። ሰላም ሲሉም፣ ሲሰነባበቱም፣ ሲያዝኑም እሷን ነው የሚሉት።

በዚያን ጊዜ የእኔ ጭንቀት እናቴ ነበረች። ስኳር አለባት። ሲወርድባት እግሯን ይከዳታል፤ በመጣች በጥቂት ወራት ውስጥ መታጠቢያ ቤት ወድቃ አግኝቻታለሁ። ሥራ ካልሄድኩ ቤት ኪራይ የለም፤ ከሄድኩ እሷ ብቻዋን ናት፤ ስልክ አትነካም። ሚኒሶታ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ኮል ባደረገ ቁጥር ይኼንኑ ያነሣል። ሌላ ጊዜ ብትወድቅ መጥቼ እወስዳትና ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አስገባታለሁ፣ እዚያ ሌሊትም ቀንም ሰው አለ፣ አለኝ። እናቴ ይኼን ስትሰማ፣ «ሰዎቹ አማርኛ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። አያውቁም አልኳት። «እንግዲያ ወደ ሐይቅ መልሱኝና እዚያው ልውደቅ» ብላ ተኛች።

ጋሽ ምትኩ ቤታችን መምጣት የጀመሩት እንግዲህ ያኔ ነው። መጀመሪያ ቀን ላይ እናቴ ክርስቲያን መሆናቸውን አይታ ሥጋ የሌለበት ሽሮ ሠራችላቸው። እሳቸው ደግሞ ወሎ ሁሉ ነገር እንደሚበላ ሰምቻለሁ ብለው ቀለዱባት። «ሽሮ እንደሆነ አይሰግድም አይሳለምም፤ ብላ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሆኑ። እሷ «ምትኩ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው «እትዬ ዘሀራ» ይሏታል።

እናቴ ያደገችው ሐይቁ ዳር ነው፤ አባቷ ታንኳ ነበረው። ስለ ውኃ የሚያወራላት ሰው ካገኘች ምስሯን እየለቀመች ቀኑን ሙሉ ታዳምጣለች። ጋሽ ምትኩ ደግሞ ወሬያቸው ሁሉ ውኃ ነው። ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ። መንግሥት ሲወድቅ መርከባቸው ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች፤ ከዚያ የሰው አገር ጭነት መርከብ ላይ እየተቀጠሩ ሲዞሩ ሲዞሩ ስኮትላንድ ደረሱ። ከእንግሊዝ በላይ፣ በሰሜን በኩል ያለ ብርዳም አገር ነው። ከዋናው ምድር ወዲያ ባሕሩ ላይ ትናንሽ ደሴቶች ተበትነዋል፤ አንዳንዷ ላይ ከሰው በግ ይበዛል። ከደሴት ወደ ደሴት የሚኬደው በፌሪ ነው፤ ሰውም መኪናም በግም ፖስታም ባንድነት ጭና በምታሻግር መርከብ። ጋሽ ምትኩ በፌሪዋ ላይ ገመድ ጣይና ገመድ ሳቢ ሆነው ኖሩ።

«ሙሽራ አሻግሬያለሁ» ይሉናል፣ በረጅም ጣቶቻቸው እየቆጠሩ። ፒያኖ፣ ኮርማ፣ የሚያለቅስ ቄስ፣ ቤቱን ሙሉ ፈትቶ በመኪና የጫነ ሰው። በብርድ ወራት ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ ገና ሻይ ሳይፈላ ትጠልቃለች። ሰማዩና ባሕሩ አንድ ቀለም ነው። ደሴቷ አለች ስትል የለችም፤ የለችም ስትል አፍንጫህ ሥር ናት። ከማዕበሉ መሐል ጥቁር ራስ ብቅ ይልና ሰው መስሎ ፍዝዝ ብሎ ያይሃል፤ የባሕር እንስሳ ነው፤ ግን ዓይኑ የሰው ነው ይላሉ። ደሴተኞቹ ከእንስሳው ጋር ሰላም ይባባላሉ።

አስከሬንም ያሻግሩ ነበር። ሰው ትልቁ ደሴት ሆስፒታል ሞቶ ወደ ትውልድ ደሴቱ ሲመለስ፣ ሣጥኑ ታች ከመኪኖቹ መሐል ይቀመጣል፤ ዘመድ በብርድ ምክንያት ላይ ከሙቁ ቤት ይገባል። ጋሽ ምትኩ ግን ታች ይቀራሉ። ማንም አላዘዛቸውም። መርከቧ ሌላው ወደብ እስክትነካ ድረስ ሣጥኑ አጠገብ ቆመው ይሄዳሉ። «ብቻውን ውኃ አይሻገርም» አሉን። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

በመጨረሻ ያሠሯቸው ከትልቋ ፌሪ አውርደው ትንሽ ጀልባ ላይ ነው። አንዲት ሚጢጢ ደሴት አለች፤ ከጎረቤቷ ደሴት የሚለያት ጠባብ የባሕር ሰርጥ ብቻ ነው። እዚያ የጉዞ ሰዓት የሚባል የለም። በሁለቱም ዳር ጥቁር ሰሌዳ ተተክሏል። መሻገር የፈለገ ሰው የሰሌዳውን ክዳን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ከሥሩ ቀይ ይወጣል። ጀልበኛው ቀዩን ከማዶ አይቶ ይመጣል። ተሳፋሪው ከመሳፈሩ በፊት ክዳኑን መልሶ መዝጋት አለበት፤ አለዚያ ጀልበኛው ያልመጣ ሰው አለ ብሎ ሲመላለስ ይውላል። ሕጉ ይኼው ነው። ቀዩ ከታየ ትሄዳለህ። ማን እንደሆነ አትጠይቅም።

የሚከተለውን ያወሩን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድገሙልኝ ብላቸው እምቢ ብለዋል።

በዚያች ሚጢጢ ደሴት የሚኖሩት ጥቂት ሰዎች በብርድ ወራት ጠቅልለው ይወጣሉ። የመጨረሻዎቹን ባልና ሚስት ራሳቸው ጋሽ ምትኩ አሻግረው ሰነባብተዋል። ማዶ ከበግ በቀር ነፍስ የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ገለጥ ሲል ማዶ ቀዩ ተከፍቶ ታያቸው። አለቃቸው ሽማግሌ ጀልበኛ ነበር፤ ነፋስ ይሆናል የከፈተው አሉት። ሽማግሌው ከሻዩ ቀና ሳይል፣ ቀዩ ከታየ ትሄዳለህ አላቸው። ሄዱ። ወደቡ ላይ ማንም የለም። ክዳኑ እስከ ጥጉ ተከፍቷል፤ ያ ክዳን ደግሞ በጨው የተያያዘ፣ በሁለት እጅ ተገፍቶ የሚከፈት ነው። ጋሽ ምትኩ ተጣሩ። በግ መለሰላቸው። ምን ያድርጉ? አንድ ሰው ወርዶ እስኪሳፈር ድረስ ያህል ቆዩና፣ ክዳኑን ዘግተው ገመዱን ሊፈቱ ሲሉ፣ ጀልባዋ ዝቅ አለች።

እናቴ ምስር መልቀሟን ተወች። «በየት በኩል?»

«ከኋላ፣ እትዬ ዘሀራ።»

«የሚፈራ ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጠው። አባቴም ይኼን ይል ነበር።» ወደ እሳቸው ጠጋ አለችና፣ «ዞረህ አየኸው?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ወረደ?»

«ወረደ። ወዲህ ማዶ ገመዱን እንዳሰርኩ ጀልባዋ ብድግ አለች። ሽማግሌው በር ላይ ቆሟል። አደረስከው? አለኝ። አደረስኩት አልኩ። ሻይ ቀዳልኝ።»

«ደኅና አድርገሃል» ብላ እናቴ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እኔ ግን ፈርቼ ጋሽ ምትኩን ደረጃ ድረስ እንኳ ሳልሸኛቸው ቀረሁ።

በማግስቱ ከዳምፕስተሩ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ የተጣለ የቁም ሣጥን በር አንሥተው መጡ። ጥቁር ቀቡት፤ ከሥሩ ቀይ ቀቡ፤ ወደ ጎን የሚንሸራተት ክዳን ሠሩለትና ኩሽናችን መስኮት ላይ ወደ ፓርኪንጉ አዙረው አቆሙት። ክዳኑ ጠንካራ ነው፤ በሳሙና አሽተውትም ለመግፋት ጉልበት ይጠይቃል። እናቴን አስተማሯት። የሆነ ነገር ሲሰማዎት ይክፈቱት፣ እኔ የማታ ሥራ ነው ያለኝ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነኝ፤ ስደርስ ደግሞ ይዝጉት፣ አሏት። እናቴ ክዳኑን አንዴ ከፈተች፣ አንዴ ዘጋች። «ይኼስ መርዶ አይናገርም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «አንተስ? ለአንተ ማን ይመጣልሃል?» አለቻቸው።

«ጀልበኛ ቀይ የለውም» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

እኔ አሁን እፎይ ብዬ ሥራዬን ልሥራ ብዬ ነበር። ግን እናቴ ይሉኝታዋ መከራ ነው። ሰውን ከቤቱ ማስነሣት ያሳፍራታል። አንድ ቀን ላብ በላብ ሆና ጠረጴዛ ይዛ እንደምንም ቆማ አገኘኋት፤ ሰሌዳው ዝግ ነው። ለምን አልከፈትሽም ስላት፣ «በዚህ ብርድ? ሰውዬው ጫማ ማውለቅ ማጥለቁ አይሰለቸውም?» አለችኝ። ለጋሽ ምትኩ ነገርኳቸው። ተቆጡ ማለት አይቻልም፤ እሳቸው ቁጣ የላቸውም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያልተከፈተ ቀይ እንዴት ላይ እችላለሁ፣ አሉኝ።

ከዚያ ጥር ገባ። በረዶው ጠዋት ጠዋት ፓርኪንጉን መስተዋት ያደርገዋል። ሥራ ላይ እያለሁ ጋሽ ምትኩ ደወሉልኝ። እናትሽ ደኅና ናት፣ ሆስፒታል ነን፣ አትሩጪ፣ አሉኝ። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሻይ ይዘው መስኮታቸው ላይ ሲቀመጡ ቀዩ ተከፍቶ ያያሉ። ተሻግረው ያንኳኳሉ፤ መልስ የለም፤ በሩ ተቆልፏል። የሜንተናንሱን ሰውዬ፣ የሕንፃውን ጠጋኝ፣ ጎትተው በቁልፉ ያስከፍታሉ። እናቴ መኝታ ቤት መስገጃዋ ላይ በጎኗ ወድቃለች። ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ጀምሮ አልተነሣችም። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ብሎ ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ።

ነፍሷ ስትመለስ እጇን ይዤ፣ ጎበዝ እማዬ፣ እንኳን ከፈትሽው አልኳት።

«ምኑን?»

«ሰሌዳውን።»

«እኔ ከመስገጃዬ አልተነሣሁም» አለችኝ። «ወላሂ ኩሽና አልገባሁም።»

ጋሽ ምትኩን ቀና ብዬ አየኋቸው። ጃኬታቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ አንድም የመገረም ምልክት የለም። ማን ከፈተው ታዲያ አልኳቸው። «ያኔም አልጠየቅኩም» አሉኝ፣ «አሁንም አልጠይቅም።» ቤት ስመለስ ሰሌዳው እስከ ጥጉ ተከፍቷል። በንዝረት ይንሸራተት እንደሆነ ልይ ብዬ የቤቱን በር በኃይል ዘጋሁት፤ ግድግዳውን በክርኔ መታሁት፤ ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጄ ገፍቼ ዘጋሁት፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ማደር ስላልቻልኩ ተመልሼ ሆስፒታል ወንበር ላይ አደርኩ።

ሰይድ ሊወስዳት መጥቶ ነበር። ሳምንት ተቀመጠ። እናቴ ከሆስፒታል ስትወጣ ይሉኝታዋን እዚያው ጥላው የመጣች ይመስል በየቀኑ ሰሌዳውን ትከፍታለች። ማሰሮ ክዳን እምቢ ካላት ትከፍታለች፤ ደብሯት ከሆነ ትከፍታለች፤ ምሳ ሲደርስ ደግሞ ሁልጊዜ ትከፍታለች። ጋሽ ምትኩ ቦቲያቸውን ስበው፣ ብርቱካንማ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ፓርኪንጉን አቋርጠው ይመጣሉ። ሁሌም አንድ ዓይነት ነው የሚሉት። «ተሳፋሪ የት ነው?» እሷም ሁሌም አንድ ዓይነት ነው የምትመልሰው። «የትም አልሄድም፤ ቁጭ በልና ብላ።» ሰይድ ይኼን ሲያይ ሰነበተና፣ ሰውዬው እስካለ ድረስ ትቆይ ብሎ ሄደ። ሰውዬው እስካለ ድረስ። ቃሉ ይኸው ነበር።

አሁን ወደዚያች ስልክ ልመለስ።

መጋቢት ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ሰንብቶ ፓርኪንጉ ሞልቷል፤ በላዩ ጉም ተኝቶበታል። እናቴ ሽሮዋን አውጥታ እንደ ልማዷ ሰሌዳውን ከፈተች። ቆመች። የጋሽ ምትኩ መብራት በጉሙ ውስጥ ይታያል፤ በራቸው ግን አልተከፈተም። ሽሮው ቀዘቀዘ። አሞቀችው፤ ደግሞ ቀዘቀዘ። ጋሽ ምትኩ ቀይ አይተው ቀርተው አያውቁም። እናቴ ደግሞ እዚህ አገር ከመጣች ወዲህ ፓርኪንጉን ብቻዋን ረግጣው አታውቅም። ነጠላዋን ደረበች። መሳቢያውን ከፍታ ስልኩን ከነፎጣው ያዘች፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም ትላለች እስካሁን። በቤት ጫማዋ፣ በዚያ በረዶ የመሰለ ውኃ ውስጥ ተሻገረች።

ጋሽ ምትኩ በር አይቆልፉም ነበር። መስኮታቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ እኛ መስኮት ነው። ጃኬታቸውን ለብሰዋል። አንድ እግራቸው ቦቲ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላኛው ቦቲ እጃቸው ላይ ነው።

ፎቶዬን ተጭና የደወለችልኝ ከዚያው ነው። እኔ ስደርስ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር፤ ከጉልበቷ በታች ርሳ እየተንቀጠቀጠች። ባዶ እግራቸውን በነጠላዋ ሸፍናዋለች። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ሲመጡም ወደ ታች ሲያወርዷቸውም አልተለየቻቸውም። አዲስ አበባ ያለች እህታቸው በስልክ አልቅሳ አደራ ስላለች የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች በወጉ ቀበሯቸው። ሐኪሞቹ የልብ ሕመም ነው አሉን።

የሞቱ ዕለት ማታ ሰሌዳውን ልዘጋ እጄን ስሰድ እናቴ ያዘችኝ።

«ተይው።»

«እማ፣ እሳቸው እኮ…»

«ጠርቼዋለሁ» አለች። «ወጥቷል። አልደረሰም።»

ሳምንታት ሄዱ፤ ቀዩ እንደተከፈተ ነው። ሰይድ ደወለ፤ እንግዲህ ሰውዬው የሉም፣ በወሩ መጨረሻ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ክፍል አግኝቼላታለሁ አለ። እናቴም ስልኩን ዳግመኛ በፎጣ ጠቅልላዋለች። ማዶ ያለውን ቤት አከራዮቹ አስጠረጉት፤ መጋረጃውን አወረዱት፤ መስኮቱ ጥቁር ጉድጓድ መሰለ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደግሞ ጉም በወረደበት ቀን፣ ስነሣ እናቴ ለብሳ ኩሽና ቆማለች።

«እይ» አለችኝ።

በጋሽ ምትኩ ባዶ መስኮት ውስጥ ቀይ ይታያል። አራት ማዕዘን፣ ልክ የእኛን ሰሌዳ የሚያህል። የእኛው ነው እማ፣ መጋረጃ ስለሌለ መስተዋቱ መልሶ እያሳየን ነው አልኳት። ያልኩት ልክ ይሁን አይሁን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት እዚያው ቆሜ ማዶ አይቻለሁ፤ ቀይ አልነበረም። እናቴ ግን የነገርኳትን አልሰማችም። የዝናብ ጫማዬን አጠለቀች፤ ትልቋታል። ልከተልሽ ስላት በዓይኗ መለሰችኝ።

ከመስኮት ሆኜ አየኋት። ውኃውን ቀስ ብላ፣ ጥልቀት በሌለው በኩል፣ እሳቸው በሚሄዱበት በኩል ተሻገረች። ደረጃውን ወጣች። የተቆለፈው በር ፊት ቆመች፤ አላንኳኳችም። አንድ ሰው ቀሪውን ቦቲውን አጥልቆ፣ ተነሥቶ፣ እስኪወጣ ድረስ ያህል ቆመች። ከዚያ ፊቷን አዞረችና ተመለሰች። ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ጉሙ መሐል ለመሐል ላይ ውጧት ነበር፤ ከዚያ እንደገና አወጣት። ደረጃችን እንጨት ነው፤ ሲረግጡት ይጮኻል። ለእሷ ጮኸ። እሷ ከላይ ደርሳ በሩን ይዛ ቆማ እያለች፣ ደግሞ ጮኸ፤ ከታች ጀምሮ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ ላይ።

በሩን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ዘጋችው። ጫማዬን አወለቀች፤ ወደ ኩሽና ገባች፤ በሁለት እጇ ክዳኑን ገፍታ ቀዩን ዘጋችው። ማዶ ያለው መስኮትም ጠቆረ።

ሰኞ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። «እማዬ» ይላል። ካርቶኑ ላይ ተደገፍኩና አነሣሁት።

ሽንኩርት አልቋል፣ ስትመጪ ይዘሽ ነይ፣ አለችኝ።